ካውያና ባለ ጥልፏ

በካቶሊኮቹ ደብር፣ በቁምስናው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ከአምስት ሰው አይበልጥም ነበር። ለትልቁም ለትንሹም እትዬ ካውያ ነበረች። ስሙን ያወጡላት መዘምራኑ ናቸው፤ መጀመሪያ ለቀልድ፣ ኋላ ለፍቅር። እሷም አልከፋትም። «ካውያ ብትሉኝ ምን ቸገረኝ፤ የማቃጥለው የነካኝን ነው» እያለች ትስቅ ነበር።

ሥራዋ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢነት ነው። ምድር ቤት ካለው ረጅም ክፍል ውስጥ በርሜል የሚያካክሉ ማሽኖች ቀኑን ሙሉ ሲያገሱ ይውላሉ። ከላይ ያለው ፎቅ ሁሉ የሚያቆሽሸው ወደ እሷ ይወርዳል፤ አንሶላው፣ የሐኪሙ ካባ፣ የሕፃናቱ መጠቅለያ። ደም በምን እንደሚለቅ፣ አዮዲን በምን እንደሚሸሽ፣ የትኛው ጨርቅ በረኪና እንደሚችል፣ የትኛው እንደሚበጣጠስ በጣቷ ዳብሳ ትናገራለች። አዲስ ሐኪም ካባውን በቀለም ካበላሸ ነርሶቹ «ወደ ታች ውረድ፤ እሷ ታውቃለች» ይሉታል።

ወደዚያ ከተማ የመጣችው ገና በሠላሳ ዓመቷ፣ የከባድ መኪና ሹፌር የሆነ ባሏን ተከትላ ነበር። ባሏ ወሩን መንገድ ላይ ነው። እሷ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ትሄድና የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ከምሰሶው ጀርባ ትቀመጣለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ገብታ እንዲህ ወጣች። አንድም ሰው «አንቺ ማነሽ?» አላላትም፤ እሷም ለማንም «እኔ እንዲህ ነኝ» አላለችም። ኋላ ስታወራው «ያኔ ብሞት የሚያጣኝ ምሰሶው ብቻ ነበር» ትላለች።

ከዚያ አንድ እሑድ፣ ሕዝቡ ተበትኖ እሷ ወደ በሩ ስታመራ፣ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አሮጊት ወይን ጠጅ የፈሰሰበትን የመሠዊያ ጨርቅ ታቅፈው፣ በሌላ እጃቸው እንፋሎት የሚወጣው ባልዲ ይዘው አየቻቸው። አፏን መያዝ አልቻለችም።

«እማማ፣ በሙቅ ውሃማ አያድርጉት! ሙቅ ውሃ እድፉን ያበስለዋል። ጨው ነስንሰው በቀዝቃዛ ይዘፍዝፉት።»

እማማ ቆም ብለው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የማንም» አለች ደንግጣ።

«እንግዲያው ነይ፣ አንቺው እጠቢው።»

በቃ፣ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር። በሳምንቱ ጨርቁን እንደ ወረቀት ተኩሳ መለሰችው። በሁለተኛው ሳምንት የካህኑን ልብሰ ቅዳሴ ሰጧት። በወሩ ሴቶቹ ሻይ ሲጠጡ ወንበር ያዙላት። ልጇን ስትወልድ የክርስትና እናት የሆኑት እማማ ናቸው። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ባሏ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ያን ጊዜ ደግፈው ያቆሟት እነዚያው ሴቶች ነበሩ። አንዷ ልጇን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ አንዷ ምግብ ታመላልሳለች፤ ሐዘኑ ቀለል ሲልም «ተነሺ እንግዲህ፣ ጨርቁ ተጨማዶ እየጠበቀሽ ነው» ብለው እጇን ይዘው ወደ ዕቃ ቤቱ መለሷት። እማማም ሲያርፉ ቁልፉን ለእሷ ተዉላት።

ከመሠዊያው በስተጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ መስኮት፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ ሰፋፊ መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ፣ መተኮሻ፣ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ሽርጥ። ካውያ ያንን ክፍል ቤቴ ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር።

ባለ ጥልፏ የመጣችው ካውያ ያንን ክፍል ከረገጠች በሃያ ሰባተኛው ዓመት ላይ ነው።

ቁምስናው የተመሠረተበት ሃምሳኛ ዓመት ሊከበር ሲቃረብ አዲሱ ቆሞስ፣ ገና ጢማቸው በቅጡ ያልበቀለ ወጣት ካህን፣ «እጅ ያላችሁ ሁሉ ኑ» ብለው ከቅዳሴ በኋላ ተናገሩ። ከመጡት መካከል አንዲት ቀጠን ያለች፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ነበረች። በተለያዩ የልብስ ፋብሪካዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ጥልፍ ስትጠልፍ ኖራ ጡረታ የወጣች፤ ባሏም ሞቶባት ወደዚያ ሰፈር በቅርቡ የገባች። «ከመርፌ ሌላ የማውቀው የለም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«መርፌማ ያስፈልገናል» አለች ካውያ በደስታ። ያን ዕለት ከልቧ ነበር።

አንድ አረንጓዴ ልብሰ ቅዳሴ ነበረ፤ ትከሻው ላይ የተተረተረ። ካውያ «ይሄ ሞቷል» ብላ ከመሳቢያው ሥር ካስተኛችው ዓመት አልፎታል። ባለ ጥልፏ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት አወጣችውና ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግታ አየችው። «ትንሽ ትንፋሽ አለው» አለች። በቀጣዩ እሑድ አባ ለብሰውት ወጡ። ስፌቱ የት ላይ እንዳለ ካውያ ከፊት አግዳሚ ሆና ቅዳሴውን ሙሉ ፈለገች። አጣችው። ስብከቱ ስለምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አታውቀውም።

ቅናት ሲጀምር ሰው አያውቀውም። ካውያም መጀመሪያ ላይ ሌላ ስም ነበር የሰጠችው። «ዝምተኛ ሰው አልወድም፤ ዝምተኛ ሆዱ አይታወቅም» ትላለች። ሌላ ቀን ደግሞ «መነጽሯን ለምን አውልቃ ሣጥን ውስጥ አትከተውም፣ እንደ በግ ደወል ታንጠለጥለዋለች» ትላለች። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ስቀው ሲያበቁ ግን ወንበራቸውን ወደ ባለ ጥልፏ ይስባሉ። ያቺ ሴት የሰው ነገር አትረሳም ነበር። «የልጅሽ ጆሮ ተሻለው ወይ?» «የእናትሽ ጉልበት እንዴት ሆነ?» ትላለች። ካውያ ሃያ ሰባት ዓመት አብራቸው ስትኖር የማንን ጆሮ ጠይቃ ታውቃለች? እሷ የምታውቀው የማን ሸሚዝ አንገቱ እንደሚቆሽሽ ነው። ይህን ስታስብ ትናደዳለች። በራሷ ሳይሆን በባለ ጥልፏ።

«እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ» በሚባልበት ሰዓት ባለ ጥልፏ ሁለት እጇን ዘርግታ ስትመጣ፣ ካውያ የጣቶቿን ጫፍ ብቻ ትሰጣታለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? ታውቀው ነበር። እያወቀች ጣቷን ቶሎ ትመልሳለች።

ከሁሉ የቆረቆራት ግን የልጇ ነገር ነው።

ልጅቷ አሁን ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ እናቷ «ነይ ዕቃ ቤት፣ ይሄን ላሳይሽ» ስትላት «እማ፣ እኔ የጨርቅ ነገር አይገባኝም» እያለች ታመልጣለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ካውያ ከሆስፒታል ወጥታ በቀጥታ ወደ ዕቃ ቤቱ ስትመጣ፣ ከውስጥ ሳቅ ሰማች። በሩን ስትከፍተው ልጇና ባለ ጥልፏ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀምጠዋል፤ ልጅቷ በክብ እንጨት የተወጠረ ጨርቅ ይዛ መርፌ ትሰካለች።

«እማ! እይው እስቲ፣ ቅጠል ሠራሁ!»

ካውያ አየችው። ጠማማ ቅጠል ነበር። «ጎበዝ» አለች፣ ከአንገት በላይ። «ቤት አትሄጅም?»

«ትንሽ ልቆይ።»

አብረው ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠየቀቻት። «እኔ ስጠራሽ የማትመጪው ልጅ፣ ዛሬ ምን አገኘሽ?»

ልጅቷ ሳታስብ መለሰች። «አንቺ ስታሳዪኝ ከእጄ ነጥቀሽ ራስሽ ትጨርሺዋለሽ። እሷ ስሳሳት ዝም ብላ ታያለች።»

እውነት ነበር፤ እውነት በመሆኑም ጠዘጠዛት። 

ባለ ጥልፏ በነዚያ ወራት ቤቷ ሆና የምትሠራው አንድ ሥራ ነበራት፤ ለሃምሳኛው ዓመት የሚነጠፍ አዲስ የመሠዊያ ጨርቅ። ነጭ የተልባ እግር ጨርቅ ነው፤ ዙሪያውን ጠቆር ባለ ቀይ ክር የወይን ዘለላና የስንዴ ዛላ ጠልፋበታለች። ሲጠናቀቅ በዓሉ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እስኪ እንየው ተብሎ በእሑዱ ቅዳሴ ተነጠፈ። አባ በመጨረሻ ወደ ሕዝቡ ዞረው ስለ ጥልፉ ረጅም ምስጋና አቀረቡ፤ ስሟን ጠርተው፣ ቆማ እንድትታይ ጠይቀው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ አባ ወረቀታቸውን እያጠፉ፣ «እንዲሁም በዕቃ ቤት የሚያገለግሉ ሌሎችም» አሉ።

ሌሎችም።

ካውያ ቃሉን ይዛው ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ ይዛው ተቀመጠች። ሰኞ ማሽኖቹ ሲያገሱ «ሌሎችም፣ ሌሎችም» የሚሉ መሰላት። ሃያ ሰባት ዓመት! እኚያ አባ ሳይወለዱ... አይ፣ ተወልደዋል፤ ግን ዳይፐር ላይ ሳሉ እሷ ያንን መሠዊያ ታለብስ ነበር። አሁን ከሌሎችም አንዷ ሆነች።

ጨርቁ ላይ የሻማ ሰም ስለተንጠባጠበበት ከበዓሉ በፊት መታጠብ ነበረበት። ሐሙስ ባለ ጥልፏ አጣጥፋ አመጣችላት። «እትዬ፣ ክሩ ቀይ ስለሆነ በቀዝቃዛ ውሃ አድርጊው እሺ? ሞክሬዋለሁ፤ በቀዝቃዛ ምንም አይሆንም።»

ቅን ሆና ነው የተናገረችው። ለካውያ ግን በጥፊ ከመምታት አይተናነስም ነበር። ለእሷ ስለ ውሃ ሊነገራት! «አመሰግናለሁ» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ። ባለ ጥልፏ ሄደች።

ዕቃ ቤቱ አጠገብ ሁለት ቧንቧ ያለው ገንዳ አለ። ካውያ ሰሙን በጥንቃቄ ፋቀች፤ ጨርቁን ሳፋ ውስጥ አድርጋ ከቧንቧው ሥር አኖረች። እጇ ቀዝቃዛውን ነካ። ከዚያ ወደ ሙቁ ዞረ።

ውሃው መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ከአንዱ ዘለላ ዙሪያ እንደ ሻይ ቅጠል ቀስ እያለ ቀይ መውጣት ጀመረ። በዚያች ቅጽበት ብታወጣው፣ በቀዝቃዛ ብትለቀልቀው ይድን ነበር፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ በከተማው አልነበረም። እሷ ግን እጇን በሽርጧ አደረቀችና መስኮት ልትዘጋ ሄደች። መስኮቱ ቀድሞውንም ዝግ ነበር። ፊቱ ቆማ ቆየች። ስትመለስ ነጩ ጨርቅ የሕፃን ድድ መስሎ ነበር።

ቅዳሜ አገልጋዮቹ ሁሉ ለበዓሉ ዝግጅት አዳራሹ ውስጥ ሲሰበሰቡ ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። 

«ምን ነካው?» አሉ አባ።

«እንጃ፤ ክሩ ለቀቀ» አለች ካውያ። ድምፅዋ እንደ ልማዱ ወጣ፤ ራሷም ገረማት።

ዓይን ሁሉ ወደ ባለ ጥልፏ ዞረ። እሷ ጨርቁን አላየችም፤ ካውያን ነው ያየችው። ረጅም ሳይሆን አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ክሩን ሳልፈትሽ ነው የጠለፍኩት። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

በበዓሉ ቀን ካውያ ለዓመታት ስትተኩሰው የኖረችው አሮጌው ነጭ ጨርቅ ወጥቶ ተነጠፈ። ሰውም እየመጣ «ካውያ ባትኖሪ ዛሬ ምን ይውጠን ነበር!» አላት። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስምንት ወር ሙሉ ጠብቃታለች። ስትመጣላት ግን ጣዕም አልነበራትም። በዚያ ላይ በሩ አጠገብ ሴቶቹ ባለ ጥልፏን ከበው «ትሕትናዋን አያችሁልኝ? ማን እንዲህ ጥፋቱን ያምናል?» ሲሉ ሰማች።  እሷ ጨርቁን አበላሽታባት፣ ሥራዋን አጥፍታባት፣ ያቺ ጭራሽ ቅድስት ልትሆን ነው! በዚያች ሴት የማያስቀናት ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ ገባት፤ የደረሰባትን በደል የቻለችበት መንገድ እንኳ አስቀናት።

ከበዓሉ በኋላ ባለ ጥልፏ ቀረች። አንድ እሑድ፣ ሁለት እሑድ። በአራተኛው ልጅቷ «ስልኳን አታነሳም፤ ምን ሆና ይሆን?» እያለች መጨነቅ ያዘች። ካውያ የተመኘችውን ሁሉ አግኝታ ነበር፤ ወንበሯን፣ ክፍሏን፣ ዝምታዋን። ስትተኩስ ግን ዓይኗ ደጋግሞ ወደ በሩ ይሄዳል።

አባ ከቅዳሴ በኋላ ጠሯት። «እትዬ፣ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ እርስዎ ነዎት። ሄደው ይጠይቁልኝ እስቲ። ብታመምስ?»

«እኔ?» አለች።

«ከእርስዎ የሚቀርባት ማን አለ?»

እምቢ የምትልበት ምክንያት አጣች።

ባለ ጥልፏ የምትኖረው ከአንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። በሩን ከፍታ ካውያን ስታይ አልተገረመችም፤ ግቢም አላለችም፤ በሩን ትታ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ካውያ ተከትላ ገባች። አንድ አልጋ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ወንበር። ወንበሩ አንድ ብቻ ነው፤ ባለ ጥልፏ ተቀመጠችበት። ጭኗ ላይ ከበዓሉ በኋላ ይዛው የሄደችው ያ ጨርቅ ተዘርግቷል። በትንሽ መቀስ ቀዩን ክር እየፈታች ታወጣው ነበር፤ ቁርጥራጩ ወለሉ ላይ ተከምሯል።

«አባ ናቸው የላኩኝ» አለች ካውያ ቆማ። «ታመምሽ ወይ ብለው።»

«አልታመምኩም በያቸው።»

መቀሱ ቂጭ ቂጭ ይላል። ካውያ ያን ደረጃ የወጣችው ሁለት ቃል ተናግራ ልትወርድ ነበር፤ አልወረደችም።

«በሙቅ ውሃ ነው ያጠብኩት» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አውቄ ነው ያጠብኩት።»

«እሱንም አውቃለሁ» አለች ባለ ጥልፏ፣ ቀና ሳትል። «ከሠላሳ ዓመት በላይ ከክር ጋር ኖሬ፣ ቀይ ክር ሳልፈትሽ የምጠልፍ ይመስልሻል?»

«ታዲያ ለምን ጥፋቱ የእኔ ነው አልሽ? ለምን እሷ ናት አላልሽም?»

ባለ ጥልፏ አሁን ቀና አለች። ፊቷ ላይ ትሕትና የሚባል ነገር አልነበረም። የተናደደች ሴት ነበረች። «ማን ሊያምነኝ? የአንቺ ሃያ ሰባት ዓመት ከእኔ ስምንት ወር ጋር ቢመዘን የማን ይደፋል? እኔ ባሌ በሥራ በተዛወረ ቁጥር ቁምስና ስቀይር የኖርኩ ሰው ነኝ። ይሄ አራተኛዬ ነው። ከነባር ጋር የተጣላ እንግዳ የሚያተርፈው በሩን ነው፤ አይቼዋለሁ። እኔ ነኝ ካልኩ ግን ቢያንስ በሰላም እወጣለሁ።» አንድ ክር መዝዛ ጣለችና ጨመረች፤ «እዚያ ክፍል ስገባ የሽርጥሽ ሚስማር ሳይቀር ያስቀናኝ ነበር። ሰው የራሱ ሚስማር ሲኖረው እንዴት ያለ ነገር ነው እያልኩ።»

 ካውያ ለስምንት ወር ሙሉ ይህችን ሴት ሁሉ ያላት አድርጋ ነበር የቆጠረቻት።

«ይቅር በይኝ» አለች በመጨረሻ።

«አልልም» አለች ባለ ጥልፏ። «ዛሬ አልልም። ደግሞ ለእኔ የነገርሽኝ እኔ የማውቀውን ነው።»

ካውያ ደረጃውን ስትወርድ የመጨረሻው አነጋገር ልቧ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ለሚያውቅ መናገር ምን ዋጋ አለው? የማያውቁት ሌሎቹ ናቸው።

በቀጣዩ እሑድ አገልጋዮቹ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ሲጠጡ ተነሥታ ቆመች። አባም ነበሩ። «አንድ ነገር ልናገር» አለች። ሰዉ የሚያስቅ ነገር ልትነግረው መስሎት አስቀድሞ ፈገግ አለ። እሷም እንደ ሆነው ተናገረችው፤ ሙቁን ውሃ፣ መስኮቱን፣ «እንጃ» ያለችውን። «ቀንቼ ነው» አለች። «ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።» ከዚያ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ፈገግታው በየፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። መዘምራኑን የሚመራው አናጢ ኮፍያውን ያገላብጥ ጀመር። ልጇ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወጣች፤ በሩን እንኳ አልዘጋችውም። ካውያ አባ ቁልፉን መልሰው ይሰጡኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ውስጧን ብትጠየቅ ይህን ባታምንም። አባ ግን ቁልፉን አነሱት። «ለጊዜው እኔ ዘንድ ይቆይ» አሉ በቀስታ። «መናገርዎ ትልቅ ነገር ነው፤ የተበደለችው ግን እዚህ የለችም።»

ልጅቷ ለዘጠኝ ቀን አላናገረቻትም። በአሥረኛው ቀን ወጥ ቤት ገብታ «ቅጠሌ ጠማማ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት።

«ጠማማ ነበር» አለች ካውያ።

«አውቃለሁ። እሷ ነግራኛለች።» ከዚያ እያለቀሰች እናቷ ትከሻ ላይ ተደፋች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ወራት ለካውያ ከባድ ነበሩ። ቅዳሴ ትሄዳለች፤ መሀል አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፤ ሲያልቅ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም። አንዳንዶቹ ሴቶች ሰላም ይሏታል፤ አንዳንዶቹ ቦርሳቸውን መፈለግ ይጀምራሉ። ዕቃ ቤቱን ተራ ገብተው የያዙት ደግሞ ሁለት ቀና ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ለመተኮስ ግን አልተፈጠሩም። የመሠዊያው ጨርቅ እጥፋቱ እንደ ጅራት ይንጠለጠላል፤ የአባ ልብስ ክንዱ ላይ የመተኮሻው ቅርጽ ተቃጥሎ ታትሞበታል። እሷም አግዳሚው ላይ ሆና፣ ያንን እያየች፣ በነዚያ በማይችሉት ሴቶች እንኳ ትቀና ነበር። እነሱ ክፉኛ መተኮስ ተፈቅዶላቸዋል።

ባለ ጥልፏን የመለሳት ማን እንደሆነ በትክክል አይታወቅም፤ አባም ሄደው ነበር፣ ልጅቷም ትመላለስ ነበር። ብቻ አንድ እሑድ መጥታ ከፊት ተቀመጠች። ቅዳሴው ሲያልቅ በቀጥታ ወደ አባ ሄደች። ካውያ በአቅራቢያው ስለነበረች ሰማቻት።

«አባ፣ ለዚህች ሴት ቁልፏን ይመልሱላት።»

«ይቅር አልሻት ማለት ነው?»

«እሱ ገና ነው» አለች ባለ ጥልፏ። «ግን እጥፋቱን አይተውታል? ዓይኔን እያመመኝ ነው። እንዲህ ባለ ጨርቅ ላይ እኔ ጥልፍ አልጠልፍም።»

አባ ሳቃቸው አመለጣቸው። ካውያም ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ ቀደማት።

ጨርቁ አልዳነም። ክሩ ወጥቶ ቢያልቅም ቀዩ የተልባ እግሩ ውስጥ ዘልቆ ገብቶ ነበር፤ ካውያ የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች፣ በረኪናውንም ሌላውንም። በመጨረሻ ሁለቱ ተቀምጠው ለእጅ ማድረቂያ ቆራረጡት። ሲቆርጡ ብዙም አላወሩም። ይቅርታው መቼ እንደመጣ ካውያ ብትጠየቅ ቀኑን አትናገርም። አንድ ክረምት ባለ ጥልፏ «እትዬ» ብላ ስትጠራት ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ብረት እንደሌለ አስተዋለች፤ ይኸው ነው።

ቅናቱ ግን ሙሉ ለሙሉ አልሞተም። ካውያ እንዲህ ያለው ነገር እንደሚጠፋ ለሚሰብክ ሰው «አንተ ልብስ አጥበህ አታውቅም» ትላለች። ከዚያ በሦስተኛው ዓመት በሌላ ከተማ ያለ አንድ ቁምስና፣ የዕቃ ቤት ሥራ የሚያስተምር ሰው ላኩልን ብሎ ጠየቀ። አባም ባለ ጥልፏን መረጡ። ካውያ ስትሰማ ያ የታወቀ እሳት እንደገና ተቀጣጠለ። ሰኞና ማክሰኞ የተኮሰችውን መልሳ ተኮሰች። ረቡዕ ባለ ጥልፏ ለመንገድ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ወደ ክፍሏ ሄደችና፣ አሁን ሁለት በሆኑት ወንበሮች በአንዱ ተቀመጠች።

«ቀንቼብሻለሁ» አለች።

ባለ ጥልፏ ሸሚዟን ማጠፍ አላቆመችም። «በጣም ነው?»

«በጣም።»

«እስከ መቼ ይቆያል?»

ካውያ አሰበችበት። «እስከ ዓርብ ይለቀኛል።»

«እኔ የምሄደው ቅዳሜ ነው» አለች ባለ ጥልፏ፤ ሸሚዙንም ወረወረችላት። «እስከዚያው ይሄን አጣጥፊልኝ፤ እኔ ስሠራው ይጨማደዳል።»

ካውያ ሸሚዙን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ክንዱን ወደ ኋላ መልሳ፣ በእጇ መዳፍ ማቃናት ጀመረች።